ጁሊ አንድሪውስ ከፊልሙ በፊት፦ የመድረክ ሕይወቷን የሚያውቅ ሰው ይርዳኝ

የተውኔት ተማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የቴአትር ጥበባት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንዲት የሙዚቃዊ ተውኔት ተዋናይትን ሕይወትና ሥራ እንዳጠና ስለተፈቀደልኝ ጁሊ አንድሪውስን መርጫለሁ። ምርጫዬን የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያነሣልኝ በተራራው ላይ እጆቿን ዘርግታ የምትዘፍንበትን የ1965ቱን «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ነው፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚያና ከ«ሜሪ ፖፒንስ» በቀር የማውቀው ሥራ አልነበረኝም። ማንበብ ስጀምር ግን፣ የመጀመሪያ ፊልሟን ለመሥራት ወደ ሆሊውድ ስትሄድ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በመድረክ ላይ የቆየች፣ በለንደንም በኒው ዮርክም ስሟ የገነነ ባለሙያ እንደ ነበረች ተረዳሁ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሦስት ነገሮች ግልጽ አልሆኑልኝም። በዚያ ዕድሜዋ ይህን ያህል የበሰለችው እንዴት ነው? በ«ማይ ፌር ሌዲ» መድረክ ላይ ኢላይዛ ዱሊትልን የፈጠረችው (ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተችው) እርሷ ሆና ሳለ ፊልሙ ለምን ለሌላ ተዋናይት ተሰጠ? በመጨረሻም፣ መዝፈን ያቆመችው በዕድሜ ምክንያት ነው ወይስ የደረሰባት ሌላ ነገር አለ? ጽሑፌ የፊልም ኮከብ ታሪክ እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ፤ የማጠናው የመድረክ ተዋናይትን ነውና በዚህ በኩል የሚያውቅ ሰው ቢያካፍለኝ ውለታው ትልቅ ነው።

መጋረጃ

የመረጡት ርእስ ደስ አሰኝቶኛል። የልጅነቷን ነገር ጠበቅ አድርገው ቢይዙት እመክራለሁ፤ ብዙ ጸሐፊዎች በሁለት መስመር የሚያልፉት ይህ ዘመን የመጀመሪያውን ጥያቄዎን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ።

የተወለደችው ኦክቶበር 1 ቀን 1935 ከለንደን ብዙም በማትርቀው በዎልተን-ኦን-ቴምዝ ሲሆን የወጣላት ስም ጁልያ ኤልዛቤት ዌልስ ነበር። እናቷ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ከባሏ ተለይታ ቴድ አንድሪውስ የተባለ ካናዳዊ ዘፋኝ ካገባች በኋላ ልጅቱም የእንጀራ አባቷን ስም ያዘች። ባልና ሚስቱ ኑሯቸውን የሚገፉት በአንድ ምሽት ዘፋኝ፣ ቀልደኛ፣ ምትሃት አሳዪና አክሮባት በየተራ በሚወጡበት የመዝናኛ መድረክ ላይ አብረው በመሥራት ነበር። ልጅቱ መድረክን ያወቀችው እንግዲህ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነው ማለት ይቻላል። ገና ትንሽ ልጅ ሳለች የጉሮሮ ሐኪም ሲመረምራት ማንቁርቷ እንደ ዐዋቂ ሰው የዳበረ ሆኖ መገኘቱን ራሷ በተደጋጋሚ ተናግራለች።

ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻውን የትም ባላደረሳት ነበር። እንጀራ አባቷ ሊሊያን ስታይልስ-አለን ወደተባለች የኮንሰርት ሶፕራኖ (ከፍተኛ የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) ዘንድ ወሰዳት፤ ይህችም ሴት ለብዙ ዓመታት ድምፅዋን ገራችላት። የመምህርቷ ትምህርት ዋና መሠረት የቃላት ጥራት ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል በትክክል ከተነገረ ድምፁ የሚቆምበት መሬት ያገኛል የሚል እምነት ነበራት። ዛሬም የአንድሪውስን ማንኛውንም ቅጂ ስንሰማ እንግሊዝኛ በቅጡ የማናውቅ ሰዎች እንኳ ቃላቱን አንድ በአንድ ለይተን የምንይዘው ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1947 መገባደጃ፣ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷን እንደያዘች፣ በለንደን ሂፖድሮም ቴአትር በሚታይ አንድ ትርኢት ውስጥ ከአምብሯዝ ቶማ ኦፔራ እጅግ ከባድ የሆነ ዜማ ዘፈነች። ጎልማሳ ሶፕራኖዎች የሚፈሩትን ከፍተኛ ድምፅ አንዲት ልጅ ስታወጣው ተመልካቹ ጭብጨባውን አላቆምም ብሎ ትርኢቱን አስቆመ። በቀጣዩ ዓመት በለንደን ፓላዲየም በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ፊት ብቻዋን ዘፈነች፤ በዚያ ዝግጅት ብቻውን ከዘፈነ ሰው ሁሉ ታናሿ እርሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን ብዙም የሚያስቀኑ አልነበሩም። ከከተማ ከተማ በባቡር እየተጓዘች፣ በየሳምንቱ በተለያየ አዳራሽ፣ አንዳንዴም ጠጥቶ ለሚጮህ ተመልካች ትዘፍን ነበር። እንጀራ አባቷ በመጠጥ ምክንያት ሥራው እየቀነሰ ሲሄድ የቤተሰቡ ገቢ በአብዛኛው በዚህች ልጅ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ስለዚህ «ሥነ ሥርዓቷ» እየተባለ የሚወደሰው ጠባይዋ በዚያ ዕድሜ ከደረሰባት ኃላፊነት የመጣ ይመስለኛል፤ ታምማም ቢሆን ካልወጣች በቤት ውስጥ የሚጎድል ነገር ነበርና።

ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረችው «ዘ ቦይ ፍሬንድ» በተባለው የሳንዲ ዊልሰን ሙዚቃዊ ተውኔት ነው፤ የተከፈተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1954 ነበር። ለጽሑፍዎ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ልንገርዎ። አንደኛው፣ ፕሮዲዩሰሮቹ የሁለት ዓመት ውል ሲያቀርቡላት ከቤተሰቤ ይህን ያህል ጊዜ አልለይም ብላ ለአንድ ዓመት ብቻ መፈረሟ ነው። ውሏ ባያጥር ኖሮ «ማይ ፌር ሌዲ» ተዋናይት ሲፈልግ እርሷ አሁንም በሌላ መድረክ ታስራ ትገኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ተውኔቱ የ1920ዎቹን የሙዚቃ ትርኢቶች እያስመሰለ የሚያስቅ ስለነበር እርሷም በልምምድ ጊዜ አጋንና ትጫወት ጀመር። ሊከፈት ሲል ፕሮዲዩሰሩ ሳይ ፎየር ለብቻዋ ጠርቶ ማስመሰሉን ትታ ገጸ ባሕርይዋን ከልቧ አምና እንድትጫወት መከራት። አዳራሹን ያሸነፈችው በዚያ እምነት ነው። ከልጅነቷ ዘፋኝ የነበረችው ሰው ተዋናይት መሆን የጀመረችበት ሌሊት ያ ይመስለኛል።

ዘፈንና ትወና

ወዳጄ መጋረጃ የጀመሩትን ልቀጥል፤ የምጽፈው ስለ «ማይ ፌር ሌዲ» ብቻ ይሆናል።

ተውኔቱ የተመሠረተው በበርናርድ ሾው «ፒግማልየን» ላይ ሲሆን ግጥሙንና ታሪኩን አለን ጄይ ለርነር፣ ዜማውን ፍሬድሪክ ሎው ሠርተውታል። ኢላይዛ በለንደን ጎዳና አበባ የምትሸጥ፣ በአነጋገሯ የምትናቅ ድኻ ልጅ ናት፤ ሂጊንስ የተባለው የሥነ ድምፅ ሊቅ የባላባት አነጋገር አስተምሮ እንደ እመቤት ሊያሳልፋት ይወራረዳል። የዚህች ገጸ ባሕርይ ከባድነት በንባብ አይታይም። በመጀመሪያው ክፍል ተዋናይቷ በሻካራ ድምፅ መጮኽና ማልቀስ አለባት፤ በዚያው ምሽት፣ በዚያው ጉሮሮ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራ ሶፕራኖ ይጠበቅባታል። ዛሬ በፀጉር ውስጥ የሚደበቀው ትንሽ ማይክሮፎንም በዚያን ጊዜ አልነበረም። ይህ ሁሉ በሳምንት ስምንት ጊዜ ይደጋገማል።

ልምምዱ ሲጀመር አንድሪውስ ሃያ ዓመቷ ነበር። ሂጊንስን የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰን በትወናው የታወቀ፣ ትዕግሥቱም አጭር የሆነ ሰው ነው። እርሷ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የሚያህል ከባድ የትወና ሥራ ሠርታ ስለማታውቅ ኢላይዛን መያዝ አቃታት፤ ሃሪሰንም ቅሬታውን አልደበቀም። የተውኔቱ አዘጋጅ ሞስ ሃርት በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር በእኔ አስተያየት በየቴአትር ትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው። የቀሩትን ተዋንያን ለሁለት ቀን አሰናበተና ከእርሷ ጋር ብቻውን በአዳራሹ ቀረ። ከመጀመሪያው ትዕይንት ተነሥቶ እያንዳንዱን መስመር፣ እያንዳንዱን እርምጃ፣ ቦርሳ አያያዟን ሳይቀር አብሯት ሠራ፤ ሲያስፈልግ ገሠጻት፣ ሲያስፈልግ ራሱ ኢላይዛን ሆኖ አሳያት። ሰኞ ሌሎቹ ሲመለሱ ገጸ ባሕርይዋን ይዛ ጠበቀቻቸው። እርሷም ኢላይዛን ያገኘችው በእነዚያ ሁለት ቀናት መሆኑን ዕድሜዋን ሙሉ ስትመሰክር ኖራለች።

ተውኔቱ ማርች 15 ቀን 1956 በማርክ ሄሊንጀር ቴአትር ተከፍቶ 2,717 ጊዜ ታየ፤ በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቴአትሮች መናኸሪያ በሆነው በብሮድዌይ ይህን ያህል የቆየ ሙዚቃዊ ተውኔት አልነበረም። አንድሪውስ ሁለት ዓመት ያህል በኒው ዮርክ ከተጫወተች በኋላ ከ1958 ጀምሮ በለንደኑ ድሩሪ ሌን ቴአትር ለተጨማሪ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቀጠለች። አንድን ሰው ሆኖ ሦስት ዓመት ተኩል፣ ማታ ማታ! በዚህ መካከል ደግሞ የሙዚቃዊ ተውኔት ደራሲዎቹ ሮጀርስና ሐመርስታይን በተለይ ለእርሷ የጻፉትን «ሲንደሬላ» በማርች 1957 በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ስትጫወት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመልክቷታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልመለስ። የፊልሙን መብት የገዛው የዋርነር ብራዘርስ ፊልም ኩባንያ ኃላፊ ጃክ ዋርነር ሲሆን ለመብቱ ብቻ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ይህ በዚያ ዘመን ተሰምቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ይህን ያህል ያወጣ ሰው በየአገሩ ትኬት የሚያሸጥ የታወቀ ፊት ይፈልጋል፤ አንድሪውስ ደግሞ በዚያን ጊዜ አንድም ፊልም አልሠራችም። ስለዚህ ኦድሪ ሄፕበርንን መረጠ፤ የዘፈኖቹንም አብዛኛውን ክፍል ማርኒ ኒክሰን በሄፕበርን ምትክ ዘፈነችው። ውሳኔው ለእኛ ቅር ቢያሰኝም የእርሷን ችሎታ ከመናቅ የመጣ አልነበረም፤ የሆሊውድ የተለመደ አካሄድ ነበር። «ጂፕሲ»ን በመድረክ የፈጠረችው ኤተል መርማን ስትሆን በፊልሙ የተጫወተችው ሮዛሊንድ ራስል ናት። «ሄሎ ዶሊ»ን ካሮል ቻኒንግ ፈጠረችው፤ ፊልሙ ለባርብራ ስትራይሳንድ ተሰጠ። እጅግ የሚያስገርመው ግን አንድሪውስን ለዓለም ያስተዋወቀው የ«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» የማሪያ ገጸ ባሕርይ ራሱ በ1959 በብሮድዌይ በሜሪ ማርቲን የተፈጠረ መሆኑ ነው። አንድሪውስ በኢላይዛ የደረሰባት ነገር፣ በማሪያ በኩል ደግሞ በማርቲን ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ካላነሡ ታሪኩ የአንዲት ሴት በደል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መጋረጃ

በታሪኩ እስማማለሁ፤ በፍርዱ ግን አልስማማም። ስትራይሳንድ «ፈኒ ገርል»ን በመድረክ ፈጥራ በ1968 ፊልሙንም ራሷ ሠርታዋለች፤ ያም የመጀመሪያ ፊልሟ ነበር። ስለዚህ ያልታወቀ ፊት አያዋጣም የሚለው ሕግ ሊጣስ የሚችል ነበር፤ ዋርነር ድፍረቱን አጣ እንጂ። ድፍረቱን ያገኘው ዋልት ዲዝኒ ነው። «ካሜሎት» በተባለው ተውኔት ከሪቻርድ በርተን ጋር ንግሥት ጉዌንቪርን ሆና ስትጫወት አይቶ፣ ከትርኢቱ በኋላ ከመድረክ ጀርባ ሄዶ «ሜሪ ፖፒንስ»ን አቀረበላት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ስትነግረው እስክትወልድ እንጠብቃለን አላት፤ ጠበቃትም። በ1965 የምርጥ ተዋናይት ኦስካርን የወሰደችው በዚያ ፊልም ሲሆን፣ በዚያው ምሽት ሬክስ ሃሪሰን በ«ማይ ፌር ሌዲ» ተሸልሟል፤ ሄፕበርን ግን በዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። ቀደም ሲል በጎልደን ግሎብ ሽልማት ላይ አንድሪውስ ይህን ሁሉ እንዲቻል ያደረገውን ሚስተር ጃክ ዋርነርን በአደባባይ አመስግናለች።

የድምፅ መምህርት

መዝፈን ያስተምራሉ ከሚባሉት አንዷ ነኝና ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ።

በ1995፣ ስድሳኛ ዓመቷን በያዘች በሳምንታት ውስጥ፣ አንድሪውስ «ቪክተር/ቪክቶሪያ»ን ይዛ ወደ ብሮድዌይ ተመለሰች። ከ«ካሜሎት» ወዲህ በብሮድዌይ ስትጫወት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በመካከሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል። አዘጋጁ ባለቤቷ ብሌክ ኤድዋርድስ ነው። ታሪኩ ሥራ ያጣች ሶፕራኖ፣ ሴት መስሎ የሚጫወት ወንድ ነኝ ብላ በፓሪስ ዝነኛ ስለ መሆኗ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኟ ከዝቅተኛው የወንድ ቃና አንሥታ እስከ ከፍተኛው ሶፕራኖ ድረስ በአንድ ምሽት መመላለስ አለባት። ለሙያው ቅርብ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ይደነግጣል። የድምፅ አውታሮች ሥጋና ጡንቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ የመለጠጥ አቅማቸው ይቀንሳል፣ ከድካምም ቶሎ አያገግሙም። በሃያ ዓመቷ የኢላይዛን ጩኸት የተሸከመው ጉሮሮ በስድሳ ዓመቷም በሳምንት ስምንት ትርኢት ተጠየቀ፤ እርሷም ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተሸከመችው።

በ1997 ድምፅዋ እየሻከረ ስላስቸገራት ከተውኔቱ ወጥታ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ የዘፈን ድምፅዋ አልተመለሰም። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዳው በ2000 በስምምነት ተቋጨ። ስለዚህ መልሱ «በዕድሜ ምክንያት አቆመች» የሚል አይደለም። ዕድሜ ድምፅን ቀስ በቀስ ያጠበዋል፤ ዘፋኙም ዜማውን ዝቅ እያደረገ፣ ትርኢቱን እየቀነሰ ይለማመደዋል። የእርሷ ግን በአንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። ያን ድምፅ ስሰማ ላደግሁት ለእኔ ይህ አሁንም ያመኛል፤ ለተማሪዎቼም ሕመም ሲሰማቸው እንዳይሸሽጉ፣ ዕረፍት መጠየቅንም እንደ ሽንፈት እንዳይቆጥሩት ስነግራቸው ሁልጊዜ የእርሷን ታሪክ አነሣለሁ።

በጽሑፍዎ ውስጥ ግን ታሪኩን እዚያ ላይ እንዳያቆሙት አደራ እላለሁ። ከሴት ልጇ ከኤማ ዋልተን ሃሚልተን ጋር የልጆች መጻሕፍት መጻፍ ጀመረች፤ ሁለቱ አብረው የጻፏቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በ2003 ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት የተጫወተችበትን «ዘ ቦይ ፍሬንድ» በኒው ዮርክ ግዛት ሳግ ሃርበር በሚገኘው ቤይ ስትሪት ቴአትር በአዘጋጅነት አቀረበችው። በ2016 «ማይ ፌር ሌዲ» ስድሳ ዓመት ሲሞላው በሲድኒ ኦፔራ ሃውስ ያዘጋጀችው እርሷ ናት፤ ለወጣቷ ኢላይዛ፣ ሞስ ሃርት ለእርሷ የሆነላትን ለመሆን በቃች ማለት ነው።

የተውኔት ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት፤ የጽሑፌንም መዋቅር በእነዚያ ሁለት የልምምድ ቀናት ዙሪያ ለማድረግ ወስኛለሁ። ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ልጠይቅ። ይህን ሁሉ የሠራች ተዋናይት ለብሮድዌይ ቴአትር የሚሰጠውን የቶኒ ሽልማት ስንት ጊዜ አግኝታለች? የመድረክ ሥራዋንስ ዛሬ በምን መስማት ወይም ማየት ይቻላል?

ዘፈንና ትወና

በውድድር ያገኘችው ቶኒ የለም። በ«ማይ ፌር ሌዲ» በዕጩነት ቀርባ ጁዲ ሆሊዴይ አሸነፈች፤ በ«ካሜሎት» ቀርባ ኤልዛቤት ሲል አሸነፈች። በ1996 በ«ቪክተር/ቪክቶሪያ» ለሦስተኛ ጊዜ ስትታጭ ከተውኔቱ ሰዎች ሁሉ የታጨችው እርሷ ብቻ ሆና ተገኘች። ከቀን ትርኢት በኋላ ለተመልካቹ ምስጋና በወጣችበት ዕጩነቱን እንደማትቀበልና ከተዘነጉት የሥራ ባልደረቦቿ ጎን መቆም እንደምትመርጥ ተናገረች። የማሸነፍ ዕድሏ ከፍተኛ ነው ይባል በነበረበት ዓመት ያደረገችው ስለሆነ፣ አንዳንዶች ለተውኔቱ ማስታወቂያ የተደረገ ነው ቢሉም እኔ ከልቧ እንደነበር አምናለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ ብቻውን የሚሠራ ሰው በመድረክ ላይ እንደሌለ የምታውቅ ሴት ናት።

ስለ ቅጂዎቹ፣ የ«ማይ ፌር ሌዲ»ን የ1956ቱን የኒው ዮርክ ቅጂ ከ1959ኙ የለንደን ቅጂ ጋር አነጻጽረው እንዲሰሙ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱንም የዘፈኑት እርሷና ሃሪሰን ናቸው። ሁለተኛው በስቴሪዮ የተቀዳ በመሆኑ ይበልጥ ይጠራል፤ የመጀመሪያው ግን ገና የተከፈተ ተውኔት ትኩሳት አለው። በ1957 የተላለፈው «ሲንደሬላ» በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ ቀርቷል፤ የሃያ አንድ ዓመቷን አንድሪውስ ያለ ማቋረጥ ስትጫወት ማየት የሚቻለው በእርሱ ነው። «ቪክተር/ቪክቶሪያ»ም በመድረክ ላይ እንዳለ በቪዲዮ ተቀርጿል። ከሁሉ አስቀድመው ግን የ1956ቱን ቅጂ ይስሙ፤ ሲሰሙም የኢላይዛን የቁጣ ዘፈንና የደስታዋን ዘፈን አከታትለው ያጫውቱ። ከላይ የድምፅ መምህርቷ ያሉት በአንድ ጉሮሮ ላይ የሚወድቅ ሸክም ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዎታል።